የእንስሳትና የቦታ ስሞች ለምን ያሳስታሉ?

በአጠቃላይ እውቀት ውድድሮች ላይ ደጋግሞ የሚቀርብ አንድ ጥያቄ አለ፤ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ፣ ከአፍሪካ ሰሜን ምዕራብ ዳርቻ ትይዩ የሚገኙት የካናሪ ደሴቶች ስማቸውን ያገኙት ከየትኛው እንስሳ ነው የሚል። ብዙ ተወዳዳሪ ጊዜ ሳያጠፋ «ካናሪ ከምትባለው ቢጫ ወፍ» ብሎ ይመልሳል፤ ይሳሳታልም። የሚጠበቀው መልስ ውሻ ነው። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ እንደመዘገበው፣ በዛሬዎቹ ሞሮኮና አልጄሪያ ምድር ትገኝ የነበረችው የጥንቷ ሞሬታንያ ንጉሥ ዳግማዊ ዩባ ያሰባሰበው መረጃ ከደሴቶቹ አንዷ እጅግ ግዙፍ ውሾች የሞሉባት መሆኗን ይናገር ነበር፤ ከመካከላቸውም ሁለቱ ለንጉሡ ተወስደውለታል። በላቲን ውሻ «ካኒስ» ስለሚባል ደሴቷ «ካናሪያ» ተባለች፣ ስሙም ከጊዜ በኋላ ለደሴቶቹ ሁሉ ሆነ። አንዳንድ ተመራማሪዎች በበኩላቸው ስሙን ያገኙት በሰሜን አፍሪካ ይኖር ከነበረ «ካናሪ» ከሚባል ነገድ ነው ይላሉ። ከሁለቱ የትኛውም ቢወሰድ ግን ወፏ ከውድድሩ ውጪ ናት፤ እርሷ ስሟን ያገኘችው ከብዙ ዘመን በኋላ ወደ አውሮፓ ስትወሰድ፣ ከመጣችባቸው ደሴቶች ነው። ደማቅ ቢጫነቷም ቢሆን ሰው አዳቅሎ ያመጣው ነው፤ በዱር ያለችው ወፍ አረንጓዴና ግራጫ የተቀላቀለበት፣ እምብዛም ዓይን የማይስብ መልክ ነው ያላት።

ጥያቄው የሚያሳስተው ስም የነገሩን ምንነት ይገልጻል ብለን ስለምናምን ነው። ስም ግን በአብዛኛው የሚገልጸው ስም አውጪውን ነው፤ በዚያች ወቅት ምን ያውቅ እንደነበር፣ በየትኛው መንገድ እንደመጣ፣ አዲስ ያየውን ነገር ቀድሞ ከሚያውቀው ከየትኛው ጋር እንዳመሳሰለ። ነገሩ በኋላ ሲመረመር እውቀቱ ይታረማል፤ ስሙ ግን አንድ ጊዜ በሰው አፍ ከገባ ማንም አያርመውም። ጂኦግራፊ፣ የእንስሳት ጥናትና የቃላት ታሪክ በአንድ ጥያቄ ውስጥ ተደባልቀው የሚገኙትም በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ስሙ ትክክል ሆኖ ምክንያቱ የተሳሳተ የሚመስልበት፣ ወይም የተገላቢጦሹ የሚሆንበት ጊዜም አለ። የምድር ሰሜናዊ ዋልታ አካባቢ አርክቲክ ይባላል፤ ቃሉ በጥንታዊ ግሪክኛ ድብ ማለት ከሆነው «አርክቶስ» የተገኘ ነው። ነጩ የዋልታ ድብ የሚኖረውም እዚያው ስለሆነ ስሙ በቀጥታ ከእርሱ የመጣ ይመስላል፤ ስሙን ያወጡት ግሪኮች ግን የዋልታ ድብ የሚባል እንስሳ በዓለም ላይ መኖሩን አያውቁም ነበር። የእነርሱ ድብ ያለው ሰማይ ላይ ነው፤ በሰሜኑ የሰማይ ክፍል፣ ሌሊቱን ሙሉ ሳይጠልቁ ከሚዞሩት ከዋክብት መካከል ታላቁ ድብ ብለው የሰየሙት ስብስብ ስለሚገኝ፣ ያንን አቅጣጫ በድቡ ስም ጠሩት። አንታርክቲካ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ፣ «ከድቡ አንጻር ያለ» እንደማለት ነው። ሰው ደቡባዊውን አህጉር በዓይኑ ማየቱ የተመዘገበው በ1820 ሲሆን፣ ተቃራኒውን ዋልታ በዚህ ቃል መጥራት ግን ከዚያ ሁለት ሺህ ዓመት ቀደም ብሎ በግሪክ ፈላስፎች ዘንድ የተለመደ ነበር። በአጋጣሚ ደግሞ ስሙ በምድርም ላይ ልክ ሆኖ ተገኘ፤ በሰሜኑ ዋልታ ዙሪያ ድብ አለ፣ በደቡቡ አንድም የለም። ነገርን ከነገር ለማንሣት ያህል፣ የቡናማው ድብ ሳይንሳዊ ስም «ኡርሱስ አርክቶስ» ነው፤ የመጀመሪያው ቃል በላቲን፣ ሁለተኛው በግሪክ ድብ ማለት በመሆኑ ሊቃውንቱ እንስሳውን «ድብ ድብ» ብለውት አርፈዋል።

አይቶት የማያውቀው እንስሳ ያጋጠመው ሰው በመጀመሪያ የሚያደርገው ከሚያውቀው ጋር ማመሳሰል ነው። ዩልዮስ ቄሳር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ46 ዓመት ወደ ሮም ያስመጣውን ቀጭኔ ሮማውያን «ግመል-ነብር» ብለውታል፤ ቁመናው የግመል፣ ቆዳው የነብር መስሏቸው ነው። ሳይንሳዊው ስሙ ዛሬም ይህንኑ ይዟል። ሰጎንን ግሪኮች «ድንቢጥ-ግመል» ይሏት ነበር፤ ወፍ ከሆነች ድንቢጥ፣ ከገዘፈች ግመል መሆኗ ነው። ጉማሬ በብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች የሚጠራበት «ሂፖፖታመስ» የሚለው የግሪክ ቃል ትርጉሙ «የወንዝ ፈረስ» ነው፤ ሆኖም ጉማሬ ከፈረስ ጋር የቅርብ ዝምድና የለውም። ፈረስ የሚዛመደው ከአውራሪስ ጋር ሲሆን፣ በሕይወት ካሉት እንስሳት ሁሉ ለጉማሬ የሚቀርቡት ዓሣ ነባሪዎችና ዶልፊኖች መሆናቸውን የዘር ቅንጣት ጥናትና ቅሪተ አካላት አረጋግጠዋል። ከሁሉም ይበልጥ የሚያስገርመው ግን ሮማውያን ለዝሆን ያወጡት የመጀመሪያ ስም ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ280 ዓመት የኤጲሮሱ ንጉሥ ፒሮስ ዝሆኖችን አሰልፎ በደቡብ ኢጣሊያ፣ ሉካንያ በምትባል አውራጃ ሲገጥማቸው፣ እንስሳውን ያዩት ለመጀመሪያ ጊዜ ነበርና «የሉካንያ በሬ» ብለው ጠሩት። በሬም አልነበረም፣ የሉካንያም አልነበረም።

ይህ የሌላው ሕዝብ ብቻ ጉዳይ አይደለም። የሌሊት ወፍ የምንላት እንስሳ ልጆቿን ጡት የምታጠባ እንጂ ወፍ አይደለችም፤ ዓሣ ነባሪም በሳንባው የሚተነፍስ አጥቢ እንጂ ዓሣ አይደለም። በአንጻሩ የሜዳ አህያ የሚለው ስም የተዋጣለት ነው፤ የዘር ጥናቱ ይህን ባለ ዝንጉርጉር እንስሳ ከፈረስ ይልቅ ወደ አህያ ያስጠጋዋልና።

ከማመሳሰሉ የበለጠ የሚያምታታው የመንገድ ጉዳይ ነው። እንስሳው ከየት እንደተነሣ የማያውቅ ገዢ ስም የሚያወጣለት ካመጣለት ነጋዴ ተነሥቶ ነው፤ ነጋዴውም ራሱ ከሌላ ነጋዴ የተቀበለው ሊሆን ይችላል። ለዚህ በእንግሊዝኛ «ተርኪ» የሚባለውን፣ ራሱና አንገቱ ላባ የሌለውን፣ ወንዱ ጅራቱን እንደ ማራገቢያ የሚዘረጋውን ትልቅ የቤት ወፍ የሚያህል ምሳሌ አይገኝም። ወፉ የሰሜን አሜሪካ ተወላጅ ነው፤ ስፓኛውያን ከመምጣታቸው ከብዙ ዘመን በፊት የሜክሲኮ ነባር ሕዝቦች አላምደው ያረቡት ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ወደ አውሮፓ ሲገባ እንግሊዞች ቀድሞውኑ ሌላ ወፍ በዚህ ስም ይጠሩ ነበር። እርሷም በአማርኛ ጅግራ የምንላት አፍሪካዊት ወፍ ስትሆን፣ በኦቶማን ቱርኮች ግዛት በኩል በሚያልፉ ነጋዴዎች እጅ ስለደረሰቻቸው «የቱርክ ዶሮ» ብለዋታል። አዲሱ አሜሪካዊ ወፍ ከእርሷ ጋር ተምታቶ ስሙን ወሰደ፤ ጅግራ ደግሞ በኋላ በምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ስም «የጊኒ ወፍ» ተባለች።

ቱርኮቹ ራሳቸው ወፉ ከእነርሱ አገር እንዳልመጣ በሚገባ ስለሚያውቁ «ሂንዲ»፣ ማለትም የሕንድ ብለውታል። ፈረንሳዮችም እንዲሁ «የሕንድ» የሚል ትርጉም ካለው ሐረግ ስም አውጥተውለታል። የዚህ ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ክሪስቶፈር ኮሎምበስ በ1492 አሜሪካ ሲደርስ እስያ የደረሰ መስሎት ስለነበር፣ ስፓኛውያን አዲሶቹን አገሮች ለረጅም ጊዜ ሕንድ እያሉ ይጠሩ ነበር። ደቾች ነገሩን የበለጠ ለማጥራት የፈለጉ ይመስል ወፉን «ካልኩን» አሉት፤ ይህም በደቡብ ምዕራብ ሕንድ የምትገኘው የካሊኩት ወደብ ስም ነው። ፖርቱጋሎች ደግሞ «ፔሩ» ይሉታል፤ ቢያንስ አህጉሩን በግምት አግኝተውታል ማለት ይቻላል፣ ይሁንና ፔሩ ስፓኛውያን እስኪገቡባት ድረስ ይህን ወፍ አታውቀውም ነበር። በግብፅ አረብኛ «የሮም አውራ ዶሮ» ሲሆን፣ በሶርያና በሊባኖስ አረብኛ «ሐበሽ» ይባላል፤ በዚህ ስሌት ወፉ ከሐበሻ ምድር መምጣቱ ነው። እንግሊዝ ወደ ቱርክ፣ ቱርክ ወደ ሕንድ፣ ፖርቱጋል ወደ ፔሩ፣ ሶርያ ወደ ሐበሻ እያመለከቱ፣ አንዳቸውም ሜክሲኮን አልጠሩም። የትውልድ አገሩን ስም ይዞ የቀረው በሜክሲኮ ስፓኒሽ የሚነገረው «ጉዋሆሎቴ» ብቻ ነው ሊባል ይችላል፤ ይህም አዝቴኮች ይናገሩት ከነበረው ከናዋትል ቋንቋ የተወረሰ ነው። የሳይንሳዊ ስያሜ ሥርዓት መሥራች የሆነው ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ እንኳ ከዚህ ግራ መጋባት አላመለጠም፤ ለአሜሪካዊው ወፍ የሰጠው የወገን ስም «መሌያግሪስ» በግሪክኛ ጅግራ ማለት ነው።

ጊኒ ፒግ የሚባለው ትንሽ ለስላሳ እንስሳም ዕጣው ተመሳሳይ ነው። የእንግሊዝኛው ስም «የጊኒ አሳማ» ማለት ሲሆን፣ እንስሳው ግን ከአይጥ ወገን ነው፣ የመጣውም ከደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ነው። ፈረንሳዮች «የሕንድ አሳማ»፣ ጀርመኖች «ትንሽ የባሕር አሳማ» ይሉታል፤ ይህ የጀርመኖቹ ስም ባሕር ተሻግሮ መምጣቱን ብቻ የሚናገር በመሆኑ ከሦስቱ የተሻለ ሐቀኛ ነው። አሳማ መባሉ ከድምፁና ከድቡልቡል አካሉ የተነሣ ሳይሆን አይቀርም። ጊኒ የተባለበትን ምክንያት በተመለከተ የሚቀርቡት ሐሳቦች በርካታ ናቸው፤ መርከቦቹ በጊኒ ጠረፍ በኩል ይመጡ ነበር የሚሉ አሉ፣ በደቡብ አሜሪካ ካለችው ጉያና ጋር ተምታቷል የሚሉም አሉ፣ ለእንግሊዞች ጊኒ የሚለው ቃል ለሩቅ አገር ሁሉ የሚሰጥ ስም ነበር የሚሉም አሉ።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ስሙ ባለቤቱን ጥሎ ወደ ሌላ እንስሳ ይሄዳል። ፔንግዊን የሚለው ስም በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በእንግሊዝ መርከበኞች ዘንድ ሲሰማ፣ የሚያመለክተው ዛሬ በደቡብ ንፍቀ ክበብ የምናውቃቸውን ወፎች አልነበረም። በሰሜን አትላንቲክ፣ ከካናዳ ጠረፍ እስከ አይስላንድና ብሪታኒያ ድረስ ይኖር የነበረ፣ መብረር የማይችል፣ ጀርባው ጥቁር ሆዱ ነጭ የሆነ ትልቅ የባሕር ወፍ ነበረ። መርከበኞቹ ወደ ደቡብ ወርደው ተመሳሳይ ቁመናና ቀለም ያላቸው፣ እነርሱም የማይበሩ ወፎች ሲያገኙ በሚያውቁት ስም ጠሯቸው። ሁለቱ ግን ዘመዳሞች አልነበሩም፤ በቀዝቃዛ ባሕር ውስጥ ጠልቆ ዓሣ የማደን አንድ ዓይነት ኑሮ አንድ ዓይነት አካል ስለሰጣቸው ነው የተመሳሰሉት። ሥጋውን፣ ስቡንና ላባውን ፍለጋ ያለ ርኅራኄ ሲታደን የኖረው ሰሜናዊው ወፍ የመጨረሻዎቹ ጥንዶች በ1844 በአይስላንድ አጠገብ ባለች ኤልዴይ በምትባል ትንሽ ደሴት ላይ ተገደሉ። የመጀመሪያው ፔንግዊን ጠፋ፣ ስሙ ግን ከምድር ወገብ በስተደቡብ በሌላ ወፍ ላይ ኖረ። ፈረንሳይኛ ይህን ልዩነት ዛሬም ጠብቆታል፤ «ፔንጉዌን» ብሎ የሚጠራው የሰሜኑን ወገን ሲሆን ለደቡቦቹ ሌላ ስም አለው።

ፓንዳም በዚህ መንገድ ያለፈ ስም ነው። በ1825 ስሙ በሳይንስ ጽሑፍ ሲመዘገብ የተሰጠው በሂማላያ አካባቢ ለሚኖረው ቀይ፣ ረጅም ጅራት ላለው ትንሽ እንስሳ ነበር። ጥቁርና ነጩ ትልቁ እንስሳ በ1869 ለአውሮፓ ሳይንቲስቶች ሲታወቅ ሁለቱም ቀርከሃ በል በመሆናቸውና በአንዳንድ የአካል ክፍሎቻቸው በመመሳሰላቸው ስሙ ወደ ትልቁ ተሻገረ። አሁን ትልቁ ከድብ ወገን መሆኑ፣ ትንሹ ደግሞ ለብቻው የቆመ ቤተሰብ መሆኑ ታውቋል፤ ሆኖም ፓንዳ ሲባል በሰው አእምሮ የሚመጣው ስሙን ተውሶ የወሰደው ነው።

በእንስሳት ስም የተሰየሙ አገሮች ዘንድም ሐሰቱና እውነቱ ጎን ለጎን ይገኛሉ። በ1472 ገደማ ፖርቱጋላውያን መርከበኞች ዛሬ ዉሪ በሚባለው ወንዝ አፍ ሲደርሱ ውኃው ሽሪምፕ በሚባል ባለ ቅርፊት ትንሽ የውኃ እንስሳ ተሞልቶ ስላገኙት «ሪዮ ዶስ ካማሮይንስ»፣ የሽሪምፖች ወንዝ አሉት። ከዚህ የካሜሩን ስም ተወለደ። ማጋነን ሊመስል ይችላል፣ ነገር ግን በዚያ አካባቢ በጭቃ ውስጥ ጉድጓድ ምሶ የሚኖር ሽሪምፕ መሰል እንስሳ በየጥቂት ዓመቱ በድንገት በብዛት ወደ ውኃው የመውጣት ጠባይ አለው፤ መርከበኞቹ የደረሱት እንዲህ ባለ ወቅት ላይ ቢሆን ስሙ ያዩትን በትክክል የመዘገበ ነው። ሴራሊዮን ደግሞ በፖርቱጋልኛ «የአንበሳ ተራራ» ከሚል ስም የመጣች ስትሆን፣ አንበሳው ተራራው ላይ ስለታየ ሳይሆን የተራራው ቅርጽ አንበሳ ስለመሰለ ወይም በተራራው ላይ የሚያስተጋባው ነጎድጓድ የአንበሳ ግሳት ስለመሰለ ነው ይባላል።

ሲንጋፖር ከሳንስክሪት ተወስዶ «የአንበሳ ከተማ» ማለት ነው። የማላይ ትውፊት እንደሚለው ከሱማትራ የመጣ አንድ ልዑል በደሴቲቱ ላይ እንግዳ አውሬ አይቶ አንበሳ ነው ስለተባለ ከተማዋን በዚሁ ሰየማት። በደሴቲቱ የዱር አንበሳ ኖሮ አያውቅም፤ ነብርማ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ነበረ፣ እርሱም በእንግሊዝኛ ታይገር የሚባለው ባለ ሽንትር ዓይነት ነው። በትውፊቱ ውስጥ እውነት ካለበት ልዑሉ ያየው ይህንን መሆን አለበት። በካሪቢያን ባሕር ያሉት የካይማን ደሴቶች ሁለት ጊዜ የተሰየሙ ናቸው፤ ኮሎምበስ በ1503 ሲያያቸው ባሕሩ በኤሊ ተሞልቶ ስለነበር «ላስ ቶርቱጋስ»፣ ኤሊዎቹ አላቸው። ብዙም ሳይቆይ ሌሎች በዚያ የሚኖሩትን አዞዎች አይተው በአካባቢው ነባር ሕዝብ ቋንቋ አዞ መሰሉን እንስሳ በሚያመለክተው «ካይማን» ጠሯቸው፣ ይህም ጸና። በዛሬው የእንስሳት አከፋፈል ካይማን የሚባለው ሌላ ዓይነት ነው፤ እነዚያ ግን እውነተኛ አዞዎች ነበሩ። ከዚያ በተቃራኒ በፓሲፊክ ውቅያኖስ ያሉት ጋላፓጎስ ስማቸውን ያገኙት በስፓኒሽ ኤሊ ማለት ከሆነ ቃል ነው፣ ግዙፎቹ ኤሊዎችም ዛሬ ድረስ አሉ፤ ስለዚህ ስለ እነርሱ የሚጨመር የለም። ለአዞርስ ደሴቶች የሚሰጠው የተለመደ ማብራሪያ «አሶር» ከሚለው የፖርቱጋልኛ የጭልፊት ስም የመጡ መሆናቸውን ይናገራል፤ በደሴቶቹ የሚኖረው አዳኝ ወፍ ግን ጭልፊቱን ከሩቅ የሚመስል ሌላ ዓይነት ነው።

እስካሁን ያየናቸው ስም አውጪዎች የተሳሳቱባቸው ናቸው። ስሙ ትክክል ሆኖ ሳለ ስለ ስሙ የሚነገረው ታሪክ የተሳሳተ የሚሆንበት ሌላ ጉዳይ አለ፤ እኔ በበኩሌ ከሁሉም አብልጦ ሊመረመር የሚገባው ይህ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም እንዲህ ያሉ ታሪኮች ከስሙ በላይ አፍ ላይ ይጣፍጣሉ። እንግሊዛዊው ካፒቴን ጄምስ ኩክ በአውስትራሊያ አንድ ዘላይ እንስሳ አይቶ «ይህ ምን ይባላል?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ነባሩ ሰው ንግግሩ ስላልገባው «ካንጋሮ» ብሎ መለሰ፣ ትርጉሙም «አልገባኝም» ማለት ነበር ይባላል። ታሪኩ ያስቃል፤ ሐሰት ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። በ1770 የኩክ መርከብ ኤንደቨር በአውስትራሊያ ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ ኮራል ላይ ወጥታ ስለተጎዳች፣ ሠራተኞቹ እርሷን ለመጠገን ዛሬ ኩክታውን በምትባለው ቦታ ሳምንታት ቆዩ። በመርከቧ ላይ የነበረው የተፈጥሮ ተመራማሪ ጆሴፍ ባንክስ በጁላይ ወር የእንስሳውን ስም ከአካባቢው ሰዎች ሰምቶ በማስታወሻው ጻፈ። እነዚያ ሰዎች የሚናገሩት ጉጉ ይሚዲር የሚባል ቋንቋ ነበር። በ1788 የመጀመሪያዎቹ እንግሊዛውያን ሰፋሪዎች ሲድኒ ሲደርሱ ከነባሮቹ ጋር ለመግባባት ይህንን ቃል መጠቀም ጀመሩ፤ ይሁን እንጂ ሲድኒ ከኩክታውን 2,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቅ ናት፣ በአውስትራሊያም በዚያን ዘመን ከ250 በላይ ቋንቋዎች ይነገሩ ነበር። የሲድኒ ሰዎች ቃሉን ሰምተውት አያውቁም፤ ይልቁንም የእንግሊዝኛ ቃል መሰላቸው። ዋትኪን ቴንች የተባለው መኮንን እንደጻፈው፣ ከመርከብ የወረዱ ላሞችን ያየ አንድ የአካባቢው ሰው «እነዚህ ካንጋሮዎች ናቸው?» ብሎ ጠይቆታል። በ1820 ደግሞ ፊሊፕ ፓርከር ኪንግ የተባለ ሌላ መርከበኛ ኩክ ቆሞበት ወደነበረው ቦታ ሄዶ የእንስሳውን ስም ሲጠይቅ ፈጽሞ የተለየ ቃል ተነገረው። ኩክና ባንክስ ተሳስተዋል የሚለው ጥርጣሬ ከዚህ በኋላ በረታ፣ «አልገባኝም» የሚለው ተረትም ክፍተቱን ሞላው።

ነገሩ የጠራው በ1970ዎቹ ጆን ሃቪላንድ የተባለ የቋንቋ ተመራማሪ ከጉጉ ይሚዲር ተናጋሪዎች ጋር ሲሠራ ነው። በቋንቋው «ጋንጉሩ» የሚባል ቃል በእርግጥ አለ፤ ትርጉሙም ማንኛውም ካንጋሮ ሳይሆን አንድ የተወሰነ ትልቅ የካንጋሮ ዓይነት ነው። ለኪንግ የተነገረው ቃል ደግሞ «ሚንሃ» ሲሆን፣ ለምግብ የሚሆን እንስሳን ሁሉ የሚያካትት ጠቅላላ መጠሪያ ነው። አንዱ ጠያቂ የዓይነቱን ስም፣ ሌላው የወገኑን ስም ተቀበሉ እንጂ፣ የተናገሩትም ሆኑ የጻፉት አልተሳሳቱም። ተሳስቶ የቀረው እንግሊዝኛ ነው፣ የአንዱን ዓይነት ስም ለሁሉም ሰጥቷልና።

ተመራማሪዎች የቃል ምንጭ ሲነገራቸው የሚጠይቁት ከዚህ ምሳሌ ሊታይ ይችላል። ቃሉ መጀመሪያ የተጻፈው መቼና የት ነው? በዚያ ቦታ የሚነገረው ቋንቋ የትኛው ነበር? ድምፁስ በዚያ ቋንቋ ካለው ቃል ጋር ይሄዳል? ታሪኩ ራሱ ከስሙ ጋር በአንድ ዘመን የተመዘገበ ነው ወይስ ከብዙ ዓመት በኋላ ብቅ ያለ? ከእነዚህ በተጨማሪ አንድ ቀላል ምልክት አለ፤ ተመሳሳይ ታሪክ ስለ ሌላ ቦታም የሚነገር ከሆነ መጠርጠር ይገባል። «አልገባኝም» የሚለው መልስ ስለ ሜክሲኮው የዩካታን ልሳነ ምድርም ይተረካል፤ በማዳጋስካር ስለሚኖረው ኢንድሪ የተባለ እንስሳ ደግሞ ስሙ «ያውላችሁ» ማለት ነው እየተባለ ይወራል። ጠያቂና ተጠያቂ ሳይግባቡ ስም የሚወለድበት ታሪክ ከአህጉር ወደ አህጉር የሚዞር ተረት ሆኗል።

ይህን ሁሉ መደበላለቅ ሳይንሳዊው ስያሜ ያስወግደዋል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ይኖራል። ሥርዓቱ የተዘረጋው አንድ እንስሳ በዓለም ሁሉ በአንድ ስም እንዲታወቅ ነው፣ ይህንንም ያሟላል። ስሙ እውነት እንዲናገር ግን አያስገድድም። የዓለም አቀፉ የእንስሳት ስያሜ ሕግ ዋና መርህ ቀዳሚነት ነው፤ ከ1758 የሊኔየስ ሥራ ወዲህ በሥርዓቱ መሠረት መጀመሪያ የታተመ ስም ይጸናል፣ ትርጉሙ ከእንስሳው ጋር አለመስማማቱም ለመሻር ምክንያት አይሆንም። ሊኔየስ ራሱ በዚያው ዓመት በኒው ጊኒ ለሚኖር እጅግ ያማረ ወፍ «ፓራዲሴያ አፖዳ»፣ እግር የሌለው የገነት ወፍ የሚል ስም ሰጥቷል። ለንግድ የሚዘጋጀው የወፉ ቆዳ እግሩ ተቆርጦ ወደ አውሮፓ ይደርስ ስለነበር፣ ወፉ ምድር ሳይነካ ዕድሜውን ሁሉ ይበራል የሚል ወሬ ተስፋፍቶ ነበር። እግር እንዳለው ከታወቀ ብዙ ዘመን አልፏል፤ በሳይንስ መዝገብ ግን እግር አልባ እንደሆነ አለ።

ሕጉ በባሰ ስሕተት ላይም ሲጸና ታይቷል። በ1834 አሜሪካዊው ሪቻርድ ሃርላን ከሉዊዚያና የተላኩለትን ግዙፍ አጥንቶች መርምሮ የጥንት ተሳቢ እንስሳ ስለመሰሉት «ባዚሎሳውረስ»፣ ንጉሥ እንሽላሊት ብሎ ሰየማቸው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ እንግሊዛዊው ሪቻርድ ኦወን ጥርሶቹን ሲያይ የአጥቢ እንስሳ መሆናቸውን ተረዳ፤ በእርግጥም ከ34 ሚሊዮን ዓመት በፊት የጠፋ፣ ርዝመቱ 15 ሜትርና ከዚያም በላይ የሚደርስ ዓሣ ነባሪ ነበር። ኦወን ከጥርሶቹ ቅርጽ የተወሰደ አዲስና ተስማሚ ስም አቀረበ፣ ነገር ግን የሃርላን ስም ቀድሞ ስለታተመ የኦወን ሊጸና አልቻለም። የዚሁ ወገን አጽሞች፣ ከትናንሽ የኋላ እግሮቻቸው ጋር፣ በግብፅ ምዕራባዊ በረሃ በብዛት ተገኝተዋል፤ ስፍራው ከጥንት ባሕር ወለልነት ወደ አሸዋና ድንጋይ ከተለወጠ ብዙ ሚሊዮን ዓመታት ያለፉት ሲሆን፣ በ2005 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ የያዘው ስም «የዓሣ ነባሪዎች ሸለቆ» የሚል ነው። አንድ ጠብታ ውኃ የሌለበት በረሃ ትክክለኛውን ስም ይዞ፣ በውስጡ የተኙት ዓሣ ነባሪዎች ግን በሳይንስ ዛሬም እንሽላሊት ይባላሉ።